ርጋ

በግድግዳው ሰዓት ሁለት፣ በእኔ ቆጠራ ስምንት፤
ሙሃረቅ ከነጀልባዎቿ ተኝታለች በዚህ ሌሊት።
ያልተኛ ቱቦው ብቻ ነው፣
ከሐጂ ዑበይድ ደረት ወርዶ ሣጥኑን የሚሞላው።
አራት መቶ፣ በአንድ ሰዓት።
ጻፍኩት። ብዕሬ ቀይ ነበር፤ ጣልኩት፤ በሰማያዊ ደገምኩት።

ትናንት ግፊቱን ስለካ ስሜን ጠየቀኝና ሳቀ፦
«ትርንጎ? እኛስ ትረንጅ ነው የምንለው፤ ዛፉ ከጓሮዬ አለ፤
ከዳንኩ ፍሬውን አመጣለሁ፤ ካልዳንኩም ልጄ አይጠፋም» አለ።
ሽቦ ጠምዝዞ የዓሣ ወጥመድ ይሠራል፤ ጣቱ ሁሉ ጠባሳ፤
መግቢያ እንጂ መውጫ የሌለው ቤት፣ ለማያመዛዝን ዓሣ።
ዛሬ ግን ከገዛ ገላው
ያለው ሁሉ መውጫ አገኘ።

ስፌቱ ደህና ነው ይላሉ፤
ከእግሩ ተነቅላ ልቡ ላይ የተቀጠለችው ሥር አልላላችም፤
ደሙ ነው እንጂ የከዳ፣
በማሽን ዞሮ፣ ቀዝቅዞ፣ ቀጥኖ የተመለሰ፣
የቤቱን ወግ የረሳ እንግዳ።
ፕላዝማ ሰጠነው። ፕላትሌት ሰጠነው። በሚሞቅ ብርድ ልብስ ጠቀለልነው።
ይወርዳል።
ዶክተር ፈይሩዝ በስልክ፦ «ፋክተሩን ስጡት።
ግማሽ ሰዓት። ካልቆመ መጣሁ፤ ደረቱን ዳግም እከፍታለሁ።»

ከደም ባንክ የመጣው ዱቄት ነው፤
ነጭ፣ ከብልቃጥ ጥግ የተጣበቀ፣ ማንኪያ እንኳ የማይሞላ፤
የስንት ሰው ክንድ አለበት ውስጡ፣ አንዱ የማያውቀው ሌላ።
ሁለት፣ ሰባት፣ ዘጠኝ፣ አሥር፦
ስማቸው ቁጥር ብቻ ነው፣ እንደ እኔው፣ እዚህ አገር።

ውሃውን ጨምሬ ልነቀንቅ እጄ ሲቸኩል
ሲስተር ሻይኒ አንጓዬን ያዘችኝ፦
«አትነቅንቂው፣ አረፋ ይሆናል። በመዳፍሽ አሽከርክሪው። ረጋ በዪ።»
እሷ በእንግሊዝኛ ነው ያለችው፤ እኔ በራሴ ሰማሁት።
አንድ ቃል ነው ያለን፣ ለሦስቱም፦
ለወተት፣ ለተቆጣ ሰው፣ ለደም።

አሽከረከርኩት።
ዱቄቱ ሳይቸኩል ጠፋ፤ ውሃው ውሃ መሰለ።
እፈራለሁ ደግሞ፤ ሲበዛ ያለ ቦታው ይረጋል፤
ያችን አዲስ ሥር ይደፍናታል፣
ወይ ወደ ጭንቅላት ወጥቶ የሰውየውን ግማሽ ፊት ይዞ ይሄዳል።
ሲያንስ ይፈሳል፣ ሲበዛ ይዘጋል፤
መሃሉ ጠባብ ነው፤
መሃሉ አሥራ አምስት መቶ ዩኒት ነው፣ በቀስታ የሚገፋ።

በእኛ አገር ደም መላሽ ሲባል ጥይት ነው የሚታየው፤
አጎቴ፣ ወረኢሉ ላይ፣ በዚህ ስም ተመርቆ
አሥራ ሁለት ዓመት ነው የታሰረው።
እኔም ይኸው፣ በባዕድ ደሴት፣ በጓንት እጅ፣
ለማላውቀው ሰው ደም የምመልስ፣
ስሙን ለመውረስ፣ ሥራውን ለማፍረስ።

ርጋ፣ ሐጂ።
ርጋ፣ አንተ የማትሰማ ቀይ፤ ቤትህ ውስጥ ነህ፤ ማንም አላባረረህ።
ሽቦህን ጠምዝዝ፤ ክርህን ወርውር፤ አንዱን ካንዱ አስረህ።

ሩብ ሰዓት። ሰማንያ።
ሩብ ሰዓት። ሠላሳ አምስት።
ከዚያ ጭራሽ ጸጥ ሲል ደስ ሊለኝ ሲገባ ደነገጥኩ፦
ቱቦው ተደፍኖስ ቢሆን? ደሙ ውስጥ ተቋጥሮ ልቡን ቢያንቀውስ?
ተንበርክኬ መብራት አበራሁበት፤ ግፊቱን አየሁ፤ ቱቦውን ዳሰስኩ።
ክፍት ነው። አንዲት ጠብታ፣
ቆይታ፣ አስባ፣ ሌላ ጠብታ።

ሻይኒ ለዶክተሯ ደወለች፤ «አትምጪ» ስትል ድምጿ ተሰበረ።
ከመስኮቱ ማዶ የመጀመሪያዋ ጀልባ ሞተሯን አስነሣች።
አንሶላው ላይ የሐጂ ጣት፣ መድኃኒት ያስተኛው፣
አንድ ጊዜ ታጠፈ፤ ሽቦ እንደሚጠመዝዝ።

አሥራ አምስት። ጻፍኩት።
ብዕሩ የትኛው እንደነበር አላየሁም።